የመረጃ ቋታችን ማንን ይጠራል? ያልታዘዙ የኢንተርኔት ግንኙነቶችን ስለ መመርመር

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



ዛሬ የማቀርበው ጠባብ ጉዳይ ነው። የተማሪን ውጤት፣ የታካሚን ካርድ፣ የሠራተኛን ደመወዝ የሚይዘው የመረጃ ቋት ሶፍትዌር ማንም ሳያዘው ወደ ኢንተርኔት ሲወጣ ብናገኘው ምን እናደርጋለን? በልምዴ ያየኋቸው ምላሾች ሁለት ናቸው። አንዱ ባለሙያ ደንግጦ የኔትወርኩን ገመድ ይነቅላል፤ ሌላው «አፕዴት ይሆናል» ብሎ ወደ ሻዩ ይመለሳል። ሁለቱም ሳይመረምሩ ፈርደዋል። የእኔ ፍላጎት በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ፣ ማለትም ምርመራውን ራሱን፣ ከእናንተ ጋር መሄድ ነው።

በቅድሚያ ነገሩ ለምን እንግዳ እንደሚሆን ላስረዳ። የመረጃ ቋት በባሕርይው መላሽ እንጂ ጠያቂ አይደለም። ፖስትግሬስ በፖርት 5432፣ ማይኤስኪውኤል በ3306፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር በ1433፣ ኦራክል በ1521 ላይ ጆሮውን ጥሎ ይቀመጣል፤ ደንበኛ ፕሮግራም መጥቶ ሲጠይቀው ይመልሳል። ግንኙነቱን የሚጀምረው ምንጊዜም ደንበኛው ነው። ስለዚህ በፋየርዎሉ መዝገብ ላይ የመረጃ ቋቱ ሰርቨር ራሱ የመጀመሪያውን ፓኬት ወደ ውጭ ልኮ ስታዩ፣ ሚናው ተገልብጧል ማለት ነው። መዝጋቢው ጸሐፊ ከወንበሩ ተነሥቶ ወደ በር ሲሄድ ማየት ነው። ምናልባት ሰዓት ሊያይ ይሆናል፤ ምናልባት መዝገቡን በብብቱ ይዞ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ግንኙነቱ በእውነት ከግቢው ይወጣል ወይ?» የሚል መሆን አለበት። ብዙ ድንጋጤ እዚሁ ላይ ያበቃል። በዊንዶውስ ላይ ኔትስታት የሚባለውን ትእዛዝ የሚያሠራ ሰው በመቶ የሚቆጠሩ መስመሮች ይዘረገፉለታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ 127.0.0.1 የሚል አድራሻ ያላቸው ናቸው። ይህ አድራሻ ማሽኑ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ነው፤ አንዲት ፓኬት እንኳ ከሳጥኑ አትወጣም። ፖስትግሬስን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። እስከ 14ኛው እትም ድረስ ስታቲስቲክስ የሚሰበስበው ፕሮሰስ ከሌሎቹ የፖስትግሬስ ፕሮሰሶች መልእክት የሚቀበለው በዩዲፒ በኩል፣ በዚሁ የውስጥ አድራሻ ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው 15ኛው እትም ይህን አስቀርቶ በጋራ ማኅደረ ትውስታ ተካው። ይህን የማያውቅ ሰው የድሮውን እትም ሲያይ «የመረጃ ቋቱ በስውር ይነጋገራል» ቢል አይፈረድበትም። በእርግጥ ይነጋገራል፤ ከራሱ ጋር።

ቀጥለው የሚመጡት በ10፣ በ192.168 እና ከ172.16 እስከ 172.31 የሚጀምሩት አድራሻዎች ናቸው። እነዚህ የውስጥ ኔትወርክ አድራሻዎች ስለሆኑ ወደ ኢንተርኔት የሚያደርሱ አይደሉም፤ ሆኖም ሰላማዊ ናቸው ማለት አይደለም። የደመወዝ ሰርቨር በሦስተኛ ፎቅ ወዳለ አንድ የጽሕፈት ኮምፒዩተር ግንኙነት የሚጀምርበት ምክንያት ካልታወቀ፣ እሱም ይመርመር።

ሁለተኛው ጥያቄ «ግንኙነቱን የከፈተው የትኛው ፕሮሰስ ነው?» የሚል ነው። «ሰርቨሩ ወጣ» ማለትና «የመረጃ ቋቱ ወጣ» ማለት አንድ አይደሉም። በአንድ ማሽን ላይ ፀረ ቫይረስ፣ የባክአፕ ፕሮግራም፣ ሰዓት የሚያስተካክል አገልግሎት፣ የስርዓተ ክወናው አፕዴት ሁሉም አብረው ይኖራሉ፤ ሁሉም በአንድ አይፒ አድራሻ ይወጣሉ፤ ፋየርዎሉም ከውጭ ሲያያቸው አይለያቸውም። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ መጠየቅ ግድ ነው። በዊንዶውስ ኔትስታት የፕሮሰሱን ቁጥርና የፕሮግራሙን ስም እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል፤ በሊኑክስ ኤስኤስ የተባለው ትእዛዝ ይህንኑ ያደርጋል። ግንኙነቱ ለሰከንድ ብቻ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ማየት አይበቃም፤ በየሰከንዱ እየደጋገመ የሚመዘግብ ትንሽ ስክሪፕት አቁሙ፣ ወይም የስርዓተ ክወናውን የኦዲት መዝገብ ክፈቱ። ፋየርዎሉ የዘጋው ግንኙነት ደግሞ ሳይመሠረት «ጥሪ ልኬ መልስ እጠብቃለሁ» በሚል ሁኔታ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች ስለሚቆይ፣ ከተሳካው ይልቅ ለመያዝ የሚቀልበት ጊዜ አለ።

ከፕሮሰሱ ስም ጋር ሁለት ነገሮችን አብራችሁ ጻፉ፤ በማን የተጠቃሚ ስም እንደሚሠራና ወላጁ ማን እንደሆነ። የፕሮሰስ ስም ማንም ሊለጥፈው የሚችል ምልክት ነው። የትውልድ ሐረጉን መደበቅ ግን ከዚያ ይከብዳል። በኋላ የምነግራችሁ ጉዳይ የተፈታው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ወዴት?» የሚል ነው። እዚህ ላይ አዲስ ተመራማሪዎች ደጋግመው የሚሰናከሉበት ድንጋይ አለ። አይፒ አድራሻውን ይዘው ባለቤቱን ይፈልጋሉ፤ የአንድ ትልቅ የደመና አገልግሎት ድርጅት ስም ሲወጣላቸው «የታወቀ ድርጅት ነው» ብለው ይረካሉ። ዛሬ ግን ደጉም ክፉውም ከአንድ የደመና ሕንፃ ውስጥ ክፍል ይከራያል። አድራሻው የሕንፃውን ባለቤት እንጂ ተከራዩን አይነግራችሁም። ተከራዩን የሚነግራችሁ ስሙ ነው፤ ስሙም የሚገኘው ከዲኤንኤስ ጥያቄዎች መዝገብ ነው። ማንኛውም ፕሮግራም ከመውጣቱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ «የዚህ ስም አድራሻ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን ጥያቄ የሚመዘግብ ተቋም ግማሽ ምርመራውን ሠርቷል። የተመሰጠረ ግንኙነትም ቢሆን ሲጀመር የሚሄድበትን ስም ብዙውን ጊዜ በግልጽ ስለሚናገር፣ ፓኬቱን የሚይዝ መሣሪያ ያነበዋል። ፕሮግራሙ ስም ሳይጠይቅ በቀጥታ ወደ ቁጥር አድራሻ ከሄደ ደግሞ ያ ራሱ ማስረጃ ነው፤ ደንበኛ ሶፍትዌር የሚሠሩ ድርጅቶች አድራሻቸውን በቁጥር ቀርጸው አያስቀምጡም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ ልሂድ። ንጹሑን አስቀድማለሁ።

ስለ ዲኤንኤስ ካነሣን አይቀር፣ የመረጃ ቋቱ ራሱ የስም ጥያቄ የሚልክበት ጊዜ አለ። ማይኤስኪውኤል አዲስ ደንበኛ ሲመጣበት የደንበኛውን አይፒ ይዞ «ይህ ማን ይባላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሚሰጠው በስም ሊሆን ስለሚችል ነው። የስም ሰርቨሩ የማይመልስ ከሆነ ደንበኛው በር ላይ ይቆማል፤ ተጠቃሚው «ሲስተሙ ተጨናነቀ» ይላል። መፍትሔው ስም መፈለግን የሚያስቀረውን ማስተካከያ መክፈትና ፈቃዶቹን በአድራሻ መጻፍ ነው። ፖስትግሬስ በተፈጥሮው እንዲህ አያደርግም፤ የመግቢያ ፈቃዱ ፋይል ውስጥ የአስተናጋጅ ስም ከጻፋችሁ ወይም ስም እንዲመዘግብ ካዘዛችሁት ግን ይጠይቃል።

ቀጥሎ ቴሌሜትሪ የሚባለው ይመጣል። አምራቾች ሶፍትዌራቸው እንዴት እንደሚያገለግል ለማወቅ ከእናንተ ማሽን ሪፖርት ያስልካሉ። ማይክሮሶፍት ከ2016 እትም ጀምሮ ከኤስኪውኤል ሰርቨር ጋር ለዚሁ ሥራ የቆመ ራሱን የቻለ አገልግሎት ይጭናል። ኢንፍሉክስ ዲቢ በአንደኛው ትውልድ እትሞቹ በየ24 ሰዓቱ የእትሙን ቁጥር፣ የስርዓተ ክወናውን ዓይነት፣ የመረጃ ቋቶቹን ብዛትና የመሳሰለውን ይልካል፤ በማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ በአንድ መስመር ይዘጋል። በፖስትግሬስ ላይ የሚጫነው ታይምስኬል ዲቢም በቀን አንድ ጊዜ ይልካል፤ እሱንም መዝጋት ይቻላል። የማይኤስኪውኤል አስተዳዳሪዎች የሚወዱት የፐርኮና የመሣሪያ ስብስብ ደግሞ ሲሠራ «አዲስ እትም ወጥቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

አምራቾቹ እንደሚሉት በእነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ በሰንጠረዦቻችሁ ያሉ የሰዎች መዝገቦች አይላኩም፤ ጉዳዩም በሰነዶቻቸው ተጽፏል። እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የሚከፈልባቸውን እትሞች የገዛ ሰው ሪፖርቱን መዝጋት ሲፈቀድለት፣ ነጻውን ኤክስፕረስ ወይም ለማስተማሪያ የምንጠቀምበትን የዴቨሎፐር እትም የያዘ ሰው በደንቡ አይፈቀድለትም። ይህ ማለት ብዙ ጊዜ መክፈል የማይችለው ተቋም ነው የሚታየው። በነጻ የተሰጠ ነገር ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ ተማሪዎቻችን ከዚህ ቢረዱ መልካም ነው። ቢያንስ ማይክሮሶፍት የሚላከው ነገር በአካባቢው ፎልደር ውስጥ ቅጂው እንዲቀመጥ የሚያደርግ ማስተካከያ ስለሰጠ፣ ክፈቱትና አንብቡት። በወሬ ከመፍራት የተላከውን ጽሑፍ ማየት ይሻላል።

ሦስተኛው ንጹሕ ምክንያት እኔን ሁልጊዜ ይማርከኛል፤ ምክንያቱም የኢንተርኔት መኖር ሳይሆን አለመኖሩ ነው ችግሩን የሚያጋልጠው። የኤስኪውኤል ሰርቨር ማኔጅመንት ስቱዲዮ የ2005 እና የ2008 እትሞች ኢንተርኔት በሌለው ክፍል ውስጥ ለመከፈት እጅግ ይዘገዩ ነበር። ማሽኑ ፈጣን፣ ሰርቨሩ አጠገቡ፣ ኔትወርኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ፕሮግራሙ ሲከፈት ዝም ብሎ ይቆማል። ፋየርዎሉን ያየ ሰው ፕሮግራሙ ወደ አንድ የማይክሮሶፍት አድራሻ ለመውጣት ደጋግሞ ሲሞክር ያገኘዋል።

የሆነው እንዲህ ነው። የፕሮግራሙ ክፍሎች በአምራቹ ዲጂታል ፊርማ የታተሙ ናቸው። ስርዓቱ እነዚህን ክፍሎች ሲጭን ፊርማው እውነተኛ መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ የፈራሚው የምስክር ወረቀት እስካሁን ያልተሻረ መሆኑንም ማረጋገጥ ይፈልጋል። የተሻሩ ወረቀቶች ዝርዝር ያለው ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ነው። ዝርዝሩን ለማምጣት ይወጣል፤ ፋየርዎሉ ፓኬቱን በዝምታ ይጥለዋል፤ ፕሮግራሙ መልስ ይመጣል ብሎ 15 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ ሳይመጣ ሲቀር ሥራውን ይቀጥላል። ማኅተም የተደረገበትን ደብዳቤ የተቀበለ መዝገብ ቤት፣ ማኅተሙ አለመሰረዙን ለማጣራት ዋናው መሥሪያ ቤት ስልክ ደውሎ የሚያነሣ ሲያጣ ማለት ነው። መውጫው ወይ በፕሮግራሙ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ይህን የፈራሚ ማስረጃ ማጣራት ማስቀረት፣ ወይም ወደዚያ የዝርዝር አድራሻ ብቻ መንገድ መክፈት ነው። ሦስተኛም አለ፤ ፋየርዎሉ ፓኬቱን በዝምታ ከመጣል ይልቅ «ክልክል ነው» ብሎ እንዲመልስ ማድረግ። ያኔ ፕሮግራሙ ወዲያው ተስፋ ይቆርጣል። በዝምታ መከልከልና በቃል መከልከል የሚያመጡት ውጤት ምን ያህል እንደሚለያይ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ንጹሑ ይብቃን። ንጹሕ ወዳልሆነው ስሻገር የጥር 17 ቀን 1995 ዓ.ም.ን ሌሊት ላስታውሳችሁ፤ በአውሮፓውያን 25 ጃንዋሪ 2003 ማለት ነው። በዚያ ዕለት ኤስኪውኤል ስላመር የተባለ ትል በኢንተርኔት ተሠራጨ። ርዝመቱ 376 ባይት ብቻ ነበር፤ ይህ አሁን የተናገርኩትን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር አያህልም። የሚገባው በዩዲፒ ፖርት 1434 ነው። ይህ ፖርት ደንበኞች «በዚህ ማሽን ላይ የትኞቹ የመረጃ ቋቶች አሉ?» ብለው የሚጠይቁበት ነው። አንዲት ፓኬት ትገባለች፤ የተያዘው ሰርቨር ወዲያው በዘፈቀደ ወደ ተመረጡ አድራሻዎች ያችኑ ፓኬት መርጨት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተያዙት ማሽኖች ብዛት በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ ይሆን ነበር፤ ለጥቃቱ ከተጋለጡት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በ10 ደቂቃ ውስጥ ተይዘዋል። ቢያንስ 75,000 ማሽኖች እንደተያዙ ተመዝግቧል። በአሜሪካ የባንክ ኦፍ አሜሪካ የገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ቆመዋል፤ በኦሃዮ የሚገኘው የዴቪስ ቤሲ የኒውክሌር ማመንጫ ኔትወርክ ውስጥም ገብቷል።

ማይክሮሶፍት ማረሚያውን ያወጣው ከስድስት ወር በፊት፣ በጁላይ 2002 ነበር። ታዲያ ለምን አልተጫነም? ከምክንያቶቹ አንዱ ለዛሬው ጉዳያችን ዋናው ነው። ብዙ ሰዎች ኤስኪውኤል ሰርቨር እንዳላቸው አያውቁም ነበር። ኤምኤስዲኢ የሚባል ቀላል እትም ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተጠቅልሎ ይጫን ስለነበር፣ ባለቤቱ የገዛው የሒሳብ ወይም የክትትል ፕሮግራም እንጂ የመረጃ ቋት አልነበረም። እኛም ዘንድ ይህ እንግዳ አይደለም። በሒሳብ ክፍሎቻችን የተለመደው ፒችትሪ ፐርቫሲቭ የተባለ የመረጃ ቋት ሞተር ይዞ ይመጣል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋን «ስንት የመረጃ ቋት አለሽ?» ብትሏት «አንድም የለኝም» ትላለች፤ ውሸት አልተናገረችም። የሌለ ለሚመስለን ነገር ማረሚያ አንጭንም። ስለዚህ ከማንኛውም ምርመራ በፊት በግቢው ውስጥ የትኞቹ ማሽኖች በእነዚያ ቀደም ብዬ በጠራኋቸው ፖርቶች ላይ እንደሚያዳምጡ ዞሮ መቁጠር ያስፈልጋል። ስላመር በማኅደረ ትውስታ ብቻ ይኖር ስለነበር ማሽኑን ማጥፋትና ማብራት ያስወግደው ነበር። ማረሚያው ካልተጫነ ግን ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ ይያዛል።

የዛሬዎቹ አጥቂዎች እንደዚያ አይጮኹም። የመረጃ ቋቶች በሕጋዊ መንገድ ወደ ውጭ የሚወጡባቸው የራሳቸው በሮች አሏቸው፤ አጥቂዎቹ የሚጠቀሙት በእነዚያው ነው። ኦራክል በጥያቄ ውስጥ ሆኖ የኢንተርኔት ገጽ የሚጠራ ጥቅል አለው፤ ከ11ኛው እትም ወዲህ ነው ማን ወዴት መውጣት እንደሚችል በዝርዝር እንዲፈቀድ የተደረገው። በኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የፎልደር ዝርዝር የሚያሳይ አንድ ያልተመዘገበ ፕሮሲጀር አለ፤ ተራ ተጠቃሚም ሊጠራው ይችላል። የፎልደሩን ስም በሌላ ማሽን ላይ እንዳለ አድርጎ የሰጠው ሰው፣ ሰርቨሩን በፖርት 445 ወደዚያ ማሽን እንዲሄድና በአገልግሎት መለያው ለመግባት እንዲሞክር ያስገድደዋል። አጥቂው በዚያ በኩል ተቀምጦ የመግቢያ ምላሹን ይቀበላል፤ የይለፍ ቃሉንም ቤቱ ወስዶ ለመስበር ይሞክራል። ከመረጃ ቋት ሰርቨር ወደ ኢንተርኔት በ445 የሚወጣ ግንኙነት ካያችሁ፣ በእኔ እምነት ሻዩን ትታችሁ የምትነሡበት ጊዜ ያኔ ነው።

ፖስትግሬስ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው 9.3 እትሙ፣ ፋይል ወደ ሰንጠረዥ የሚያስገባው ትእዛዝ ከፋይል ብቻ ሳይሆን ከፕሮግራም ውጤትም እንዲቀበል አደረገ። ከፍተኛ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ለመረጃ ቋቱ «ይህን ፕሮግራም አሠራና የሚሰጥህን አስገባ» ሊለው ይችላል ማለት ነው። ለአስተዳዳሪ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ግን የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ላገኘ ሰውም እንዲሁ። በዲሴምበር 2020 ፒጂማይነር ተብሎ የተገለጸው ጥቃት በትክክል ይህን አደረገ፤ ፖርት 5432 ለዓለም ክፍት የሆኑ ሰርቨሮችን እየፈለገ፣ የይለፍ ቃል እየሞከረ ገብቶ፣ ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍር ፕሮግራም ይጭን ነበር።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ገጥሞኛል። የደመወዝ መዝገብ የሚይዘው የፖስትግሬስ ሰርቨር ዘገምተኛ ሆኖ፣ ፋየርዎሉም በየደቂቃው ወደ ውጭ የሚወጣ ጥሪ ይመዘግብ ነበር። ባለሙያዎቹ አንድ እንግዳ ፕሮሰስ አግኝተው ሁለት ጊዜ ገድለውታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሶ ተነሥቷል። ስሙ የሊኑክስ ከርነል የራሱን ሥራ የሚሠራበት ፕሮሰስ ይመስላል። ነገር ግን የከርነል ፕሮሰሶች ባለቤታቸው ዋናው አስተዳዳሪ ነው፤ ይኼኛው ግን በመረጃ ቋቱ ተጠቃሚ ስም ይሠራ ነበር። የሚሠራበትም ፋይል ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ የነበረና ከተነሣ በኋላ የተሰረዘ ነው። በዚያው ተጠቃሚ ስም በየደቂቃው የሚነሣ የሰዓት ቀጠሮ ሥራ ተጽፎ ተገኘ፤ ፕሮሰሱን ከሞት የሚያስነሣው እሱ ነው።

ቀኑ የደመወዝ ዋዜማ ነበር። ኃላፊው «ገድላችሁ ደመወዙን አውጡልኝ፤ ሌላውን ከነገ ወዲያ» አሉ። ጥያቄያቸው ያለ አግባብ አልነበረም፤ ሠራተኛው ቤት ኪራይ አለበት። እኔ የተቃወምኩት በአንድ ምክንያት ነው። ገንዘብ ቆፋሪው የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። እሱን ያስገባው ሰው በመረጃ ቋቱ ውስጥ ከፍተኛ ሥልጣን ነበረው፤ እያንዳንዱን ረድፍ ማንበብ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሮችንም መለወጥ ይችል ነበር። በዚያ ሰርቨር የወጣ ደመወዝ ማን ኪስ እንደሚገባ ዋስትና የሚሰጥ የለም።

የሠራነው ቅደም ተከተል ይህ ነበር። ማሽኑን አላጠፋንም። የተሰረዘው ፋይል ፕሮሰሱ እስካለ ድረስ ከስርዓተ ክወናው ሊቀዳ ስለሚችል ቀዳነው፤ የግንኙነቶቹን ዝርዝር፣ የፕሮሰሶቹን የትውልድ ሐረግ፣ የመረጃ ቋቱን ሎግ ወደ ሌላ ዲስክ ወሰድን። ከዚያ በፋየርዎሉ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣውን ሁሉ ዘጋን፤ ቀጥሎም የሚገባውን። በሎጉ ውስጥ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል በሺዎች ጊዜ የሞከሩ መግቢያዎችና በመጨረሻ የተሳካ አንድ መግቢያ ነበሩ። ፖርቱ ለውጭ የተከፈተው አንድ የውል ሠራተኛ ከቤቱ እንዲሠራ ተብሎ ነው፤ ውሉ ካለቀ ቆይቷል፤ ፖርቱን የዘጋው አልነበረም።

አዲስ ማሽን ላይ ከመግቢያው ቀን በፊት ከተወሰደ ባክአፕ መልሰን ገነባነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ይበሉ፤ የመረጃ ቋት ባክአፕ ረድፎችን ብቻ አይደለም የሚሸከመው። ፈንክሽኖችን፣ ትሪገሮችን፣ እንደ አወሳሰዱም የተጠቃሚ መለያዎችን ጭምር ይይዛል። አጥቂ በእነዚህ ውስጥ የተወውን ነገር በገዛ እጃችን ወደ አዲሱ ቤት ልናስገባው እንችላለን። ስለዚህ አንድ በአንድ አነበብናቸው፤ ከባክአፑ በኋላ የገቡትንም ለውጦች ከወረቀት ሰነድ ጋር አመሳከርን። ደመወዙ ሁለት ቀን ዘገየ።

«የሠራተኞቹ መረጃ ወጥቷል ወይ?» ለሚለው የፋየርዎሉ የባይት ቆጠራ ከፊል መልስ ሰጠ። መዝገቡ በሚሸፍናቸው ቀናት ወደ ውጭ የወጣው መጠን ከመረጃ ቋቱ መጠን እጅግ ያነሰ ነበር። መዝገቡ ግን የሚቀመጠው ለ7 ቀን ብቻ ሲሆን፣ አጥቂው ከገባ 19 ቀን ሆኖታል። ለቀሪዎቹ 12 ቀናት ኃላፊው ለሠራተኞቻቸው ሊሰጡ የሚችሉት መልስ አልነበረም። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ የመጠበቅ ግዴታ ተጥሎበታል፤ ያን የመሰለ ባዶ መዝገብ ከእንግዲህ የሚያሳፍር ብቻ ሆኖ አይቀርም። የሎግ ማስቀመጫ ዲስክ ርካሽ ነው። ሦስት ወር አስቀምጡ።

በመጨረሻ ስለ መከላከያው በአጭሩ። ፋየርዎልን ብዙ ጊዜ የምናስበው የሚገባውን እንደሚፈትሽ ኬላ ብቻ አድርገን ነው። ለመረጃ ቋት ሰርቨር የሚወጣውም መፈተሽ አለበት፤ መነሻው ሁሉንም መከልከል፣ ከዚያ ምክንያቱ በጽሑፍ የታወቀውን ብቻ መፍቀድ ነው። ሰዓት ለማስተካከል ወደ ውስጥ የሰዓት ሰርቨር፣ ለስም ወደ ውስጥ ዲኤንኤስ፣ ለአፕዴት ወደ ውስጥ የአፕዴት ማከፋፈያ፣ ለባክአፕ ወደ ባክአፕ ማሽኑ። ከእነዚህ በላይ የሚያስፈልገው ሰርቨር ጥቂት ነው። ይህ ሲደረግ በመጀመሪያው ሳምንት ፋየርዎሉ ብዙ ይጮኻል፤ እያንዳንዱን ጩኸት ዛሬ ባየናቸው ሦስት ጥያቄዎች አሳልፉት። በሁለተኛው ሳምንት ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ አንድ መስመር በሺህ መስመሮች መካከል አይጠፋም።

እዚህ ላይ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ለሚጭኑ አንድ ቃል ልጨምር። ፊርማው የተሰበረ ፕሮግራም ሲወጣ ብታገኙት፣ አምራቹን ይሁን ሰባሪውን እንደሚጠራ የምትለዩበት የተጻፈ ሰነድ የላችሁም። ነጻና ሕጋዊ የሆኑት ፖስትግሬስና ማይኤስኪውኤል እያሉ ይህን አደጋ መሸከም ለእኔ ምክንያቱ አይታየኝም።

በተግባር ክፍለ ጊዜያችን ሁለት ማሽን አቁመናል፤ አንዱ ቴሌሜትሪው ክፍት የሆነ፣ ሌላው በሰዓት ቀጠሮ የሚነሣ ጥሪ ሆን ተብሎ የተተከለበት። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልተጻፈባቸውም። ከሁለቱ አንዳቸውን ከማጥፋታችሁ በፊት የያዛችሁትን ማስረጃ በጽሑፍ ታስረክባላችሁ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።